በመሃል አዲስ አበባ ጸጥ ባለ ሰፈር ቤት ለመግዛት፤ ከፍለጋ እስከ ስም ዝውውር

መሃል አዲስ አበባ ጸጥ ያለ ሰፈር ጠፍቶበት አያውቅም። ከብሥራተ ገብርኤል ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ በቀበናና በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት፣ በኡራኤል ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ዛፍ የጋረዳቸው የድሮ ቪላዎች ዛሬም አሉ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ የወፍ ድምፅ የሚሰማበት ግቢ አጠገብ ለከርሞ የባለ አሥር ፎቅ ሕንጻ መሠረት ሊቆፈር ይችላል፤ ሰፈሩ ራሱ ለመልሶ ማልማት ሊነሣም ይችላል። ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን፣ አንዳንዴም የወንድም የእህቱን ጭምር ነው።

ደላላ የሚመራን መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ ዋጋውን፣ ከዚያ ቀብዱን አሳይቶ ነው፤ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እኔ ዘመድና ወዳጅ ቤት ሲገዛ አብሬ ስዞር የተማርኩት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ እንዳለበት ነው፦ ፕላኑ፣ ሰፈሩ፣ ሰነዱ፣ ቤቱ፣ ዋጋው። ምክንያቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እርስዎ የሚገዙት በላዩ ላይ ያለውን ቤትና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ የወደፊቱ ጸጥታዎ በግንቡ ውፍረት ሳይሆን ከተማው ለቦታው ባሰበው ነገር ይወሰናል።

1. ፕላኑን ይጠይቁ

አንድ ሰፈር ልብዎን ሲስበው፣ ገና አንድ ቤት እንኳ ሳይመርጡ፣ የቦታውን የፕላን መረጃ ያግኙ። አዲስ አበባ በ2009 ዓ.ም. የጸደቀ የአሥር ዓመት መዋቅራዊ ፕላን አላት። የትኛው ቦታ ለመኖሪያ፣ የትኛው ለቅይጥ አገልግሎት፣ የትኛው ለአረንጓዴ ቦታ እንደተመደበ፣ የትኛው መንገድ እንደሚሰፋ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ከዚህ ሥር ደግሞ ለአንዳንድ አካባቢዎች ዝርዝር የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። የመዋቅራዊ ፕላኑ ዘመን ወደ ማብቂያው እየተቃረበ ስለሆነ ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ አሁን ቦታው ምን ተብሏል፣ በሚቀጥለው ፕላንስ ምን እየታሰበ ነው።

በተግባር መረጃው የሚገኘው በክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና የመሬት ጽሕፈት ቤቶች በኩል ነው። ባለይዞታው ሲጠይቅ መልሱ ስለሚቀል፣ ቤት ካገኙ በኋላ ሻጩ ራሱ አብሮዎት እንዲሄድ ወይም በስሙ እንዲያመለክት ያድርጉ። ይህን ለማድረግ የሚያንገራግር ሻጭ ካጋጠመዎት ፍለጋውን ቢቀጥሉ ይሻላል።

የሚያጣሩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ በግቢው በኩል የሚያልፍ ወይም አጥሩን የሚቆርጥ የመንገድ መስመር መኖሩን። ሁለተኛው፣ በዙሪያው የሚፈቀደው የሕንጻ ከፍታ። አሁን ቪላ ብቻ የሚታይበት ጎዳና ፕላኑ ላይ ለከፍተኛ ሕንጻ የተፈቀደ ከሆነ፣ ጎረቤትዎ ቤቱን ለአልሚ በሸጠ ቀን ኑሮዎ ይለወጣል፤ ቁፋሮው፣ ሌሊት የሚደረገው ሙሌት፣ ኋላም ግቢዎን ቁልቁል የሚያዩት መስኮቶች ይመጣሉ። ሦስተኛው ወንዝ ነው። የቀበናና የባንተይቀጡ ወንዞች ዳርቻ ለዓይን ያማረ፣ ለጆሮም የረጋ ነው፤ ነገር ግን የወንዝ ዳርቻ ልማትና የወንዝ ወሰን ክልከላ የሚነካው በትክክል እነዚህን ግቢዎች ነው።

የኮሪደር ልማቱንና መልሶ ማልማቱን ነጥሎ ማንሣት ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ምን ያህል በፍጥነት እንደተነሡ ሁላችንም አይተናል። አንድ ግቢ ሕጋዊ ካርታ አለው ማለት አይነሣም ማለት አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበትና ካሳ የሚከፈልበት ሥርዓት በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ተደንግጓል፤ ካሳው የሚሰላው ግን በመንግሥት ቀመር እንጂ እርስዎ በከፈሉት የገበያ ዋጋ አይደለም። በእኔ ግምት ለዚህ አደጋ የሚጋለጠው በዋና ጎዳና ዳር ያለና ብዙ የቀበሌ ቤት በአንድ ላይ ያጨቀ አካባቢ ነው። ከዋናው መንገድ ሁለት ሦስት እጥፋት ገባ ያለ፣ አብዛኛው ቤት በግል ካርታ የተያዘ ሰፈር የተሻለ ዕድል አለው። ይህ ግምት ስለሆነ ወረዳው ላይ ሄደው መጠየቅዎን አያስቀርም።

2. ሰፈሩን በየሰዓቱ ይዩት

ደላላ ቤት የሚያሳየው ረፋድ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሁሉም ሰፈር ጸጥ ይላል፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ አዋቂዎች ሥራ ላይ ናቸው። እርስዎ ግን ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይሂዱ። የቅዳሴና የአዛን ድምፅ ማጉያ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚደርስ ይስሙ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ መኖር ለብዙዎቻችን በረከት ነው፤ እናቴ ብትሆን ሌላ ቦታ አትመርጥም። ሕፃን ያለው ወይም ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚሠራ ሰው ግን አውቆበት መግባት አለበት። የንግሥ ቀንም አለ። በታኅሣሥ 19 ብሥራተ ገብርኤል፣ በጥር 22 ኡራኤል፣ በጥምቀት ሰሞን ጃን ሜዳ ዙሪያ መኪና ማስገባትም ማስወጣትም ይከብዳል።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የትምህርት ቤት ግርግሩን ለማየት ይመለሱ። ቪላ ተከራይቶ የተከፈተ መዋዕለ ሕፃናት ጎዳናውን በመኪና ይዘጋዋል። አርብና ቅዳሜ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ደግሞ የግሮሰሪና የምሽት ክበብ ድምፅ መኖሩን ለመስማት ይሂዱ። በቦሌና በሃያ ሁለት አካባቢ ከዋናው መንገድ ጀርባ ያሉ ቤቶች ቀን እንደ ገዳም፣ ሌሊት እንደ አዳራሽ የሚሆኑበት ብዙ ነው። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ በስልክ ላይ የሚጫነው የድምፅ መለኪያ እንደ ማስረጃ ባይቆጠርም ለራስዎ ፍርድ በቂ ነው።

በየጎዳናው ሲያልፉ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤት፣ ጋራዥ፣ መኪና እጥበት፣ ፔንሲዮን የሆነ ቪላ፣ ትልቅ ጄኔሬተር ያለው መሥሪያ ቤት፣ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ግቢ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ይናገራል። ቆርቆሮ አጥር ካለ ግንባታ ሊጀመር ነው፤ የተለጠፈውን የፈቃድ ሰሌዳ አንብበው ስንት ፎቅ እንደሆነ ይወቁ። ከቦሌ አየር ማረፊያ አቅጣጫ ሲፈልጉ ደግሞ አውሮፕላን የሚያርፍበትና የሚነሣበት መስመር ሥር መሆንዎን ቆመው ያዳምጡ።

ክረምት ላይ ማየት ከቻሉ ሌላ ጊዜ አይምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ የማይደብቁት ነገር የለም። ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ውሃ የት እንደሚተኛ፣ የጎረቤት ጣሪያ ወደ ማን ግቢ እንደሚያፈስ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ የት እንደሚገነፍል ይታያል። በበጋ የሚገዙ ከሆነ በግድግዳው ታችኛው ክፍል ላይ የውሃ መስመር ምልክትና አዲስ የተቀባ ቀለም ይፈልጉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያውቀው ግን የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትመጣ፣ መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ፣ የትኛው ቤት በክርክር ላይ እንዳለ፣ ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ ያውቃል። ጥቂት ዕቃ ገዝተው ሰላምታ ሰጥተው «ጋሼ፣ ወደዚህ ሰፈር ልንመጣ እያሰብን ነው፣ ኑሮው እንዴት ነው?» ቢሉ አብዛኛው በቅንነት ይነግርዎታል። ከተቻለም የእድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ ያነጋግሩ። እድሩ የተጠናከረና ነዋሪው የሌሊት ጥበቃ አዋጥቶ የሚቀጥርበት ሰፈር ጎረቤት ጎረቤቱን የሚሰማበት ሰፈር ነው። ያኔ ድምፅ የሚያበዛ ሰው ሲመጣ የሚናገረው ሽማግሌ አይጠፋም።

3. ግቢው የማን የማን እንደሆነ ይለዩ

ይህ መሃል ከተማን ከዳር አዳዲስ ሰፈሮች የሚለየው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ቀረለት፤ ያከራየው ተወረሰ። ከዚያ የተነሣ በአራዳ፣ በቂርቆስና በልደታ ክፍለ ከተሞች በአንድ በር በሚገባበት ግቢ ውስጥ ዋናው ቪላ የግል፣ ከኋላ ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች የቀበሌ ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሆኑበት ቦታ ብዙ ነው።

እንዲህ ያለ ግቢ ሲያዩ አይሩጡ፣ ግን ይመርምሩ። በሩ የጋራ ነው? ውሃ ቆጣሪው ስንት ነው? ሽንት ቤቱ የማን ነው? የኋላ ነዋሪዎች በእርስዎ በረንዳ ሥር ያልፋሉ? ካርታው የሚያሳየው ካሬ ሜትር የእነሱን ይዞታ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ሻጩ «እነሱ በቅርቡ ይነሣሉ» ካለዎት እንደማይነሡ ቆጥረው ያስሉ። ለዓመታት የኖሩ፣ ልጆቻቸውን በዚያ ያሳደጉ ቤተሰቦች ናቸው፤ ሲገቡም ጎረቤትነታቸውን ተቀብለው መግባት ነው የሚያዋጣው። ያንን የማይፈልጉ ከሆነ ለብቻው የታጠረ ግቢ ይፈልጉ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ እንደሚል ይወቁ።

ሌላው የወራሾች ግቢ ነው። አባት እናት አልፈው ልጆች በአሜሪካም በአዲስ አበባም ተበትነው፣ አንዱ ልጅ ይዞ ሊሸጠው ሲነሣ ያጋጥማል። እዚህ ላይ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የወራሾች ሁሉ ፊርማ ወይም ውክልና፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለ ደግሞ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዷ እህት «አልተስማማሁም» ካለች ቤቱ የእርስዎ መሆኑ ቀርቶ የችሎት ቀጠሮ ይሆናል።

ተከራይ ያለበትም ቤት አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ስላደረገ፣ የተከራዩን የተመዘገበ ውል አይተው መቼ እንደሚያልቅ፣ ከነማን ጋር እንደሚነጋገሩ ከመፈረም በፊት ይወቁ።

4. ሰነዱን ከማኅደሩ ጋር ያመሳክሩ

ፎቶ ኮፒ አይቶ መተማመን አይገባም፤ ፎርጅድ ካርታ የዋናውን ማኅተምም ፊርማም አስመስሎ ይሠራል። ዋናውን ካርታ ይዩ፣ ከዚያም በክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ካለው ማኅደር ጋር ስሙን፣ የቦታ ስፋቱን፣ የብሎክና የፓርሴል ቁጥሩን፣ የይዞታውን ዓይነትና አገልግሎቱን ያመሳክሩ። በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 818 የተጀመረው የይዞታ ምዝገባ ያዳረሰው ሰፈር ከሆነ በካዳስተር (በሕጋዊው የመሬት መዝገብ) መመዝገቡንና ከጎረቤት ጋር የወሰን ክርክር አለመኖሩን ጭምር ይጠይቁ።

የቦታውን ስፋት በመሐንዲስ ያስለኩ። በመሃል ከተማ የድሮ ግቢዎች አጥሩና ካርታው አይገጥምም። አጥሩ የያዘው 420 ካሬ ሆኖ ካርታው 350 ቢል፣ ለ70ው ካሬ የሚከፍሉት ገንዘብ በሰነድ የማይደገፍ ነው። ሰርቪሱ በዚያ ትርፍ ቦታ ላይ ከተሠራ ደግሞ እንዲፈርስ ሊታዘዝ ይችላል።

ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከሆነ አንድ ነገር ከዋጋው ጋር ይደምሩ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት እንዲይዘው ይደነግጋል። የመኖሪያ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ሻጩ በዓመት ጥቂት ብር የቦታ ኪራይ እየከፈለ ኖሮ ይሆናል፤ እርስዎ ግን የሊዝ ውል ይፈርማሉ። ስሌቱን ክፍለ ከተማው ላይ አስቀድመው ያሠሩ። ቦታው ቀድሞውኑ በሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ ሊዝ ምን ያህል እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው በውሉ ይጻፍ።

ዕዳና እገዳው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ባንክ በመያዣ የያዘው፣ ፍርድ ቤት እግድ የጣለበት፣ ግብር ያለበት ቤት በካርታው ፊት ላይ አይታወቅም። ከማኅደሩ የሚሰጠው ማጣሪያ፣ ብዙዎቻችን ክሊራንስ የምንለው፣ ይህን ያሳያል። ማጣሪያው የቆየ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ውል በሚፈርሙበት ሰሞን የተሰጠ ይሁን። የጣሪያና ግድግዳ ግብር የተከፈለበትንም ደረሰኝ ይጠይቁ። የባንክ ዕዳ ያለበትን ቤት መግዛት ይቻላል፤ ክፍያው ግን በቀጥታ ወደ ባንኩ ሄዶ ዕዳው ተዘግቶ እገዳው ሲነሣ ብቻ ነው።

ውክልና ይዞ የመጣ ሻጭ ካለ በእጥፍ ይጠንቀቁ። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ ሕጉ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል፣ «መሸጥ» የሚለው ቃል ቤቱን ጠቅሶ በግልጽ መጻፍ አለበት። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ያልቃል። ውክልናው አለመሻሩን ከሰነዶች ማረጋገጫ ያጣሩ፤ ወካዩ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ በቪዲዮ ደውለው ፊቱን እያዩ ያነጋግሩት።

የትዳር ጉዳይ መቼም አይታለፍ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት ግድ ነው። ያልተስማማው የትዳር ጓደኛ ውሉን ካወቀ ጀምሮ በስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያስፈርሰው ይችላል። ካርታው ላይ የአንዱ ስም ብቻ መኖሩ አያድንዎትም። ያገባ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ያላገባ ወይም የተፋታ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ፣ ከፍቺ በኋላ ንብረት መካፈላቸውንም ይጠይቁ።

አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያረጀና ያማረ ቤት ሲያገኙ በቅርስነት መመዝገቡን ያጣሩ። የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይፈርስም፣ አይቀየርም። እንዲህ ያለ ቤት ወድዶ ለሚጠብቀው ሰው ትልቅ ጸጋ ነው፤ አፍርሶ ለመሥራት ላሰበ ግን አይሆንም።

ሰነድ አልባ፣ «ካርታው በሂደት ላይ ነው» የተባለ ቤት በምንም ቅናሽ አይግዙ።

5. ቤቱን በባለሙያ ያስመርምሩ

የግንባታ መሐንዲስ ለግማሽ ቀን መቅጠር ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ አይባልም። የመሃል ከተማ የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ በሲሚንቶ የተለሰኑ የጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩ የብሎኬት ይመስላሉ። ግድግዳው ታችኛው ክፍል ላይ እርጥበት፣ ወለሉ ሥር ምስጥ፣ ጣሪያው ውስጥ የበሰበሰ ማገር ይፈለግ። በመስኮትና በበር ጥግ ላይ ሰያፍ የሆነ ስንጥቅ ካለ መሠረቱ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። ወደ ቦሌና ወደ ደቡቡ የከተማ ክፍል የሚበዛው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ በደንብ ካልወረደ ቤቱን ያንቀሳቅሰዋል።

ቧንቧውን ሁሉ ይክፈቱ። የሮቶው መጠን ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ውሃ በፈረቃ የምትመጣ ከሆነ ስንት ቀን እንደሚያቆይ፣ ፓምፕ መኖሩን ይዩ። ቤቱ ከከተማው ፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘ ነው ወይስ ሴፕቲክ ታንክ አለው? ታንክ ከሆነ ፍሳሽ መጣጭ መኪና እስከ በሩ መግባት ይችላል? ጠባብ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም፤ የእሳት አደጋ መኪናም በዚያው ነው የሚገባው። መብራቱ ባለ አንድ ፌዝ ወይስ ባለ ሦስት ፌዝ መሆኑን፣ ቆጣሪው በማን ስም እንዳለ ይጠይቁ።

የተጨመረ ክፍልና ፎቅ ካለ የግንባታ ፈቃዱን ያሳዩኝ ይበሉ። ፈቃድ የሌለው ጭማሪ ስም ሲዛወር ይጋለጣል።

ቪላ ከአቅም በላይ ከሆነ የመሃል ከተማ ኮንዶሚኒየም፣ የልደታው፣ የጎተራው፣ የጎፋው፣ አንድ ሐሳብ ነው። በ20/80 የተሰጠ ቤት ለአምስት ዓመት መሸጥ ስለማይቻል ጊዜው ማለፉንና የባንክ ዕዳው መዘጋቱን ያጣሩ። ለጸጥታው ከመንገድ የራቀውን ብሎክ፣ ምድር ቤቱ ሱቅ ያልሆነውን ይምረጡ፤ የሕንጻው የጋራ ማኅበር የሚሠራ መሆኑን ደረጃው ንጹሕ መሆኑን በማየት ብቻ ማወቅ ይቻላል።

6. ደላላውና ዋጋው

ያለ ደላላ በመሃል ከተማ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ጥሩ ደላላም አለ። የተለመደው ኮሚሽን ከገዢም ከሻጭም 2 ከመቶ ነው፤ ከመጀመሪያው ተነጋግረው መጠኑን ይወስኑ፣ የሚከፈለውም ውሉ ሲጸድቅ ይሁን። «ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ ቆሟል» የሚለውን ሲሰሙ አይደንግጡ። ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኙ ዋጋ አይቁረጡ፤ በመካከል የሚጨመር ገንዘብ የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው።

ዋጋ ለመገመት በዚያው ጎዳና በቅርቡ የተሸጡ ቤቶችን በካሬ ያስሉ። ከዚያ ላይ ሊዙን፣ የዝውውር ክፍያውን፣ ዕድሳቱን ይደምሩ። በብድር የሚገዙ ከሆነ ባንኩ የራሱን መሐንዲስ ልኮ ያስገምታል፤ ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው ስለሚያንስ ልዩነቱን ከኪስዎ ማሟላት አለብዎት። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የባንኩን መልስ በጽሑፍ ይያዙ።

7. ቀብድ

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ነገር ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆንና በሚመለከተው አካል ፊት መደረግ ስላለበት፣ በካፌ ጠረጴዛ ላይ የተፈረመ ወረቀት ለክርክር ክፍት ነው። ስለዚህ ቀብዱን አነስ ያድርጉት፣ በባንክ ያስተላልፉ፣ ሁለት ምስክር ያስፈርሙ፣ ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ካልመጣ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ያስጽፉ። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር የማይቀበል ሻጭ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ነገር አለ።

8. ውሉን ማጽደቅ

ውሉ የሚጸድቀው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው፤ ሕዝቡ ዛሬም ውልና ማስረጃ ይለዋል። ዋናው ካርታ፣ ማጣሪያው፣ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያለማግባት ማስረጃ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልጋሉ፤ ከቀጠሮው በፊት የዕለቱን ዝርዝር እዚያው ጠይቀው ያሟሉ። ውሉን የሚያረቅቀው የራስዎ ጠበቃ ይሁን። ሻጩ ቤቱን የሚያስረክብበት ቀን፣ የውሃ የመብራትና የግብር ውዝፍ የማን እንደሆነ፣ በግቢው የሚቀሩ ዕቃዎች፣ ሮቶውና ፓምፑ ጭምር፣ ይዘርዘሩ።

ዋጋ አሳንሶ መጻፍ በየሰፈሩ የተለመደ ምክር ነው። አጥብቄ የምለው፦ አያድርጉት። ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ ከተማው የራሱ የዋጋ ግምት ስላለው የሚያስቡትን ያህል አይተርፍዎትም። ከሁሉ የከፋው ግን ነገ ውሉ በወራሽ ወይም በትዳር ጓደኛ ክስ ቢፈርስ ነው፤ ያኔ ይመለስልኝ ብለው የሚጠይቁት በውሉ ላይ የተጻፈውን ብር ነው፣ ቀሪውን ለማስረዳት የሚበቃ ወረቀት በእጅዎ አይኖርም።

ክፍያው በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን። የተወሰነው ክፍል ስም እስኪዛወር ድረስ በዝግ ሂሳብ እንዲቆይ ቢስማሙ ሻጩ ጉዳዩን ራሱ ተሯሩጦ ያስጨርሳል።

9. ስም ማዛወርና መግባት

ውል ማጽደቅ የመጨረሻው በር አይደለም። በሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲገባ ስለሆነ፣ የጸደቀውን ውል ይዘው በዚያው ሳምንት ወደ ክፍለ ከተማው ይሂዱ። እዚያ ግምት ይወጣል፣ 2 ከመቶ የቴምብር ቀረጥ፣ አሹራ (የስም ማዛወሪያ ክፍያ) እና የአገልግሎት ክፍያ ይከፈላል። በሻጩ ላይ የሚያርፈው የካፒታል ዕድገት ግብር ለቤት በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 15 ከመቶ ነው፤ ካልተከፈለ ወይም ነፃ መሆኑ ካልተረጋገጠ ስሙ አይዛወርም። ማን ምን እንደሚከፍል በውሉ ካልጻፉ ጭቅጭቁ የሚነሣው በዚህ መስኮት ላይ ነው። አዲሱ ካርታ በስምዎ ሲወጣ የስምዎን ፊደል፣ ካሬውን፣ የፓርሴል ቁጥሩን እዚያው ቆመው ያንብቡ፤ ስሕተት ካለ ያን ቀን ማስተካከል ይቀላል።

ከዚያ የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ወደ ስምዎ ያዙሩ፣ የበሩን ቁልፍ ሁሉ ይቀይሩ። ለዕድሳት ከወረዳው የዕድሳት ፈቃድ ያውጡ፤ ቀለም ከመቀባት ያለፈ ሥራ ያለ ፈቃድ ሲጀመር ደንብ አስከባሪ ያስቆማል። ዕቃ የሚያመጡበት ቀን የሰፈሩ ዕቃ አውራጆች መምጣታቸው አይቀርም። በራስዎ ሰው የማውረድ መብት አለዎት፤ እነሱን የሚያሠሩ ከሆነ ግን መኪናው ከመድረሱ በፊት ዋጋ ቆርጠው ይስማሙ።

በገቡ በመጀመሪያው እሑድ ግራና ቀኝ ጎረቤት ቡና ይጥሩ፣ እድሩ የሚሰበሰብበትንም ቀን ጠይቀው የመግቢያውን ከፍለው ይመዝገቡ።